«የማይ» እና «ያል»፦ ስለ ኮምፒዩተር የእምቢታ ቃላት ታሪክና አተረጓጎም

ኮምፒዩተር የታዘዘውን ሳይፈጽም ሲቀር የመቅረቱን ምክንያት በቁጥር ይመልሳል፤ ቁጥሩም በአጭር ሐረግ ተገልጾ በማያው ገጽ ላይ ይነበባል። ሐረጉ ከሦስት ከአራት ቃላት ስለማይበልጥ በትርጉም ሥራ ውስጥ እንደ ጥቃቅን ነገር ሲቆጠር ይታያል። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ሐረጎች መካከል አንዱ ቡድን፣ ይኸውም አንድ ፋይል ከባሕርዩ የማይቀበለው ትእዛዝ ሲቀርብለት የሚሰጠው መልስ፣ በእንግሊዝኛውም ከመነሻው ያልጠራ፣ በአማርኛው ደግሞ ይበልጥ የደፈረሰ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሐረጎቹን አመጣጥ በታሪክ መከተልና፣ አማርኛ በራሱ ሰዋስው ውስጥ ለዚህ ጉዳይ የሚያገለግል መለያ እንዳለው ማሳየት ነው። ለማነጻጸሪያ የምናቀርበው የአሰላንና የአርሲን ደጋ ነው፤ በዚያ አገር በ1960ዎቹ ዓመታት «ይሰጥ» ወይስ «አይሰጥ» የሚለው ጥያቄ በደንብና በመዝገብ ተይዞ ከገበሬው ደጅ ደርሶ ስለ ነበረ፣ የእምቢታን ዓይነቶች ለይቶ ለማየት ከዚያ የተሻለ ምሳሌ በቅርብ አይገኝም።

በመጀመሪያ ስለ ስያሜው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ለእነዚህ ቁጥሮች በአማርኛ የተለመደው ስም «የስሕተት ቁጥር» የሚል ነው። ስሕተት ግን የሚሳሳት ሰው ይፈልጋል። አንድ ሰው የጎረቤቱን ደጅ አንኳኩቶ «የለም» ቢባል ተሳሳተ አይባልም፤ የጠየቀው አልተገኘለትም እንጂ። ሕዝቡ ራሱ እንዴት እንደሚናገር ብናዳምጥ «በሩ አልከፈትም አለ»፣ «መኪናው አልነሣም አለ» ይላል፤ ዛሬም «ፋይሉ አልከፈትም አለ» ሲባል እንሰማለን። በዚህ አነጋገር ግሡ በአንደኛ መደብ አሉታ ይቀመጥና «አለ» ይከተለዋል፤ ግዑዙ ነገር አፍ አውጥቶ እንደ ተናገረ ይቆጠራል። እንግዲህ «እምቢታ» ከ«ስሕተት» ይልቅ ለነገሩ የቀረበ ስለሆነ፣ ከዚህ በኋላ «የእምቢታ ቁጥር» እያልን እንቀጥላለን። የሕዝቡ አነጋገር ጉድለት አንድ ብቻ ነው፤ እምቢ መባሉን እንጂ ለምን እንደ ተባለ አይናገርም።

የቁጥሮቹ ታሪክ የሚጀምረው ከዩኒክስ ነው። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ በቤል ላቦራቶሪዎች ያዘጋጁት ይህ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1975 ስድስተኛ እትሙ ሲወጣ፣ መመሪያ መጽሐፉ የእምቢታ ቁጥሮችን በተርታ ይዞ ነበር። ቁጥር 1 «ባለቤትም አይደለም፣ የበላይ ተጠቃሚም አይደለም» የሚል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው ሰባተኛ እትም ይኸው አጥሮ «ባለቤት አይደለም» ብቻ ሆነ። ቁጥር 2 የተጠራው ፋይል አለመኖሩን፣ ቁጥር 13 ፈቃድ መከልከሉን፣ ቁጥር 22 ደግሞ ከትእዛዙ ጋር አብሮ የተላከው ነገር ልክ አለመሆኑን ይገልጻሉ። እነዚህ እምብዛም አያስቸግሩም። እንቆቅልሽ ሆኖ የኖረው ቁጥር 25 ነው፤ ቃል በቃል ሲተረጐም «የጽሕፈት መኪና አይደለም» ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያን ጊዜ ተጠቃሚው ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚነጋገረው በዛሬው ዓይነት መስኮት ሳይሆን ቴሌታይፕ በሚባል፣ የተመታውን ፊደል በሽቦ እየላከ መልሱን በወረቀት ላይ በሚጽፍ መሣሪያ ነበር። የመሣሪያውን ፍጥነትና የአጻጻፉን ሁኔታ የሚያስተካክሉ ሁለት ልዩ ትእዛዞች ነበሩ። እነዚህ ትእዛዞች በዲስክ ላይ ለተቀመጠ ተራ ፋይል ቢላኩ የሚያስተካክሉት ነገር ስለሌለ፣ መልሱ «የጽሕፈት መኪና አይደለም» ሆነ። ለጊዜው ትክክለኛ መልስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 ግን እነዚያ ትእዛዞች ሰፍተው ለማናቸውም መሣሪያ፣ ለዲስኩም ለክር ማጫወቻውም፣ የሚላኩ አንድ አጠቃላይ ትእዛዝ ሆኑ፤ የእምቢታው ሐረግ ግን ባለበት ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው ፖዚክስ የተባለው የደረጃ ደንብ ሐረጉን «ለመሣሪያው የማይስማማ ትእዛዝ» ወደሚል አሳብ ቢለውጠውም፣ ቁጥሩና «ቲቲዋይ» የሚለው የቴሌታይፕ ምህጻረ ቃል እስከ ዛሬ አብረውት አሉ።

ከዚህ ላይ ለተርጓሚ የሚሆን አንድ ቁም ነገር አለ። የእኛ አገር አንባቢ «የጽሕፈት መኪና» ሲባል የሚያስበው ኢንጂነር አያና ብሩ ለአማርኛ ፊደል ያመቻቹትን ዓይነት መሣሪያ ነው። እንግሊዝኛው ያሰበው ግን ያንን ሳይሆን ቴሌፕሪንተርን፣ ማለትም ኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅ ወደ አማርኛ ያመጡትን ዓይነት ነው። ስለዚህ ሐረጉን በታሪክነቱ ብቻ እንተርጉመው እንኳ ብንል፣ ትክክሉ «ቴሌፕሪንተር አይደለም» ይሆናል። የሐረጉ ጉዞ በዚህም አላበቃም። በአንድ ዘመን የተላከ ኢሜይል ሳይደርስ ሲመለስ ከምክንያቱ ጎን «የጽሕፈት መኪና አይደለም» የሚል ተጽፎበት የተገኘበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ፕሮግራሙ ቀደም ሲል በውስጡ «የምጽፈው ወደ ተርሚናል ነውን?» ብሎ ጠይቆ ያገኘው ቁጥር ሳይሰረዝ ቆይቶ፣ ለሌላ ጉዳይ እንደ ምክንያት ይታተም ስለ ነበረ ነው። ደብዳቤው ያልደረሰለት ሰው የጽሕፈት መኪናን ነገር ምን ብሎ ይረዳው?

ወደ ዋናው ጉዳይ ስንመለስ፣ በ1975ቱ ዝርዝር ውስጥ «ይህ ፋይል፣ ወይም ይህ የፋይል አደረጃጀት፣ እንዲህ ያለውን ሥራ ከባሕርዩ አይቀበልም» የሚል አጠቃላይ ቁጥር አልነበረም። ባይኖር አያስደንቅም፤ የፋይል አደረጃጀቱ ያን ጊዜ አንድ ዓይነት ብቻ ስለ ነበረ አንዱ ተቀብሎ ሌላው እምቢ የሚልበት ምክንያት አልነበረም። ችግሩ የመጣው ዓይነቱ ሲበዛ ነው። በርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የዩኒክስ እትም ወደ ሌላ ፋይል የሚያመለክት ልዩ ፋይል፣ «አመልካች ፋይል» ልንለው የምንችለውን፣ ይዞ መጣ። እንዲህ ያለውን ፋይል የሚያስቀምጡበት ስፍራ የሌላቸው አደረጃጀቶች አሉ፤ ዛሬ በብዙ ፍላሽ ዲስኮች ላይ የሚገኘው ፋት የተባለው ከእነዚህ አንዱ ነው። ፋት የፋይሉን ባለቤት እንኳ አይመዘግብም። ታዲያ በፋት ዲስክ ላይ አመልካች ፋይል ይሠራ ሲባል ምን ይመለስ? የተመረጠው ቁጥር 1 ሆነ፤ ያ በቀድሞው ቃል «ባለቤት አይደለም» ይባል የነበረው፣ በፖዚክስ ደንብ ደግሞ «ተግባሩ አይፈቀድም» የተባለው ነው። የሊኑክስ መመሪያ መጽሐፍም አመልካች ፋይልን የማያስተናግድ አደረጃጀት ቁጥር 1ን እንደሚመልስ በግልጽ ጽፎታል።

ጉዳቱን በምሳሌ እንየው። በአሰላ የሚገኘው የአርሲ ዩኒቨርሲቲ አንድ ተማሪ ሊኑክስን እየተማረ በፍላሽ ዲስኩ ላይ አመልካች ፋይል ለመሥራት ሞከረ እንበል። «ተግባሩ አይፈቀድም» የሚል መልስ ያገኛል። አይፈቀድም የተባለ ሰው የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ ፈቃጁን ይፈልጋል። ተማሪውም የበላይ ተጠቃሚነትን ሥልጣን ይይዝና እንደገና ያዝዛል። መልሱ ያው ነው፤ ማንም ያልከለከለውን ነገር ማን ይፈቅድለታል? ዲስኩ ያንን ነገር የሚይዝበት ቦታ የለውም። አንዱ ቁጥር ሁለት ልዩ ልዩ ምክንያቶችን ስለ ተሸከመ ሰውየው ከማይከፈት ደጅ ሲመላለስ ይውላል።

ይህ መምታታት የመሣሪያ ብቻ አለመሆኑን ከጭላሎ ታሪክ እንረዳለን። ካዱ በሚለው ምህጻረ ስም የታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት በ1960 ዓ.ም. መባቻ በአሰላ ተቋቋመ። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ይሰጥ ነበር፤ ዘሩ በቁሉምሳና በሌሎች ጣቢያዎች ይሞከርና ይራባ ነበር። ብድር ለማግኘት ባለመሬቱ ራሱ ሲጠይቅ አንድ ነገር ነው፤ ጭሰኛው ሲጠይቅ ግን ከባለመሬቱ ጋር የተፈራረመው የጽሑፍ ውል ያስፈልገው ነበር፤ ብዙ ባለመሬቶችም ለመፈረም ፈቃደኞች አልነበሩም። ስለዚህ የጭሰኛው እምቢታ በዩኒክስ ቃል ከተነገረ ቁጥር 1 ነው፤ «ባለቤት አይደለም»። በሌላ በኩል ደግሞ የመሬቱ ከፍታ የሚያመጣው እምቢታ ነበር። ቁሉምሳ 2200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው፤ ወደ በቆጂ ሲወጣ 2800 ሜትር ይደርሳል፤ ከዚያም በላይ እያለ ስንዴው ለገብስ ይለቃል፤ በመጨረሻም የጭላሎና የካካ ተራሮች ከ4000 ሜትር በላይ ይነሣሉ። ለታችኛው ማሳ የተስማማ ዘር ለላይኛው ላይስማማ ይችላል፤ ይህንንም የባለመሬቱ ፊርማ አይለውጠውም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ሁለቱን እምቢታዎች ቁልጭ አድርጎ ለያቸው። አዋጁ ጭሰኝነትን ስለ ሰረዘ «ባለቤት አይደለም» የሚለው ምክንያት በሕግ ረገድ በአንድ ቀን ቀረ። የዳገቱ ብርድና የዘሩ ጠባይ ግን በማግሥቱም እንደ ነበሩ ናቸው። የእምቢታን ዓይነት ለመለየት ከዚህ የበለጠ ፈተና የለም፤ ሥልጣን ያለው ሰው በአንድ ቃል ሊሽረው የሚችለው እምቢታ የፈቃድ ነው፤ ሊሽረው የማይችለው የባሕርይ ነው።

ሦስተኛም ነበረ። ለአንዳንድ ማሳ ዘሩ አይስማማም ማለት ሳይሆን ገና ያልተሞከረ ይሆናል። «የማይሆንለት ማሳ» ሌላ፣ «ያልተሞከረለት ማሳ» ሌላ ነው። አማርኛ ለዚህ ልዩነት አዲስ ቃል መፍጠር አላስፈለገውም፤ ገበሬው ዕለት ዕለት ይናገርበታልና። «የማይታረስ መሬት» ሲል ድንጋዩን ወይም ረግረጉን ማለቱ ነው፤ «ያልታረሰ መሬት» ሲል ግን በሬ ቢጠመድበት የሚታረሰውን፣ እስካሁን ግን ማረሻ ያላገኘውን ነው። የመጀመሪያው ቅርጽ ከኢፍጹም ግሥ አሉታ የሚወጣ ሆኖ ጠባይንና ልማድን ይናገራል፤ ሁለተኛው ከፍጹም ግሥ አሉታ የሚወጣ ሆኖ ያልተፈጸመ ድርጊትን ይናገራል። «የማይበስል» እና «ያልበሰለ»፣ «የማይነበብ» እና «ያልተነበበ» እንዲሁ ናቸው። እንግሊዝኛ ሁለቱን በተለያዩ ቃላት ለመለየት ሲደክም፣ እኛ በአንድ ግሥ ላይ «የማይ» ወይም «ያል» በማስቀደም እንለያቸዋለን።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል። «የማይ» ብቻውን ሁሉን አይፈታም። «የማይታረስ መሬት» የግጦሽ ወይም የደብር መሬት ስለሆነ እንዳይታረስ የተከለከለውንም ሊያመለክት ይችላል። ስለዚህ ክልከላው በራሱ ግሥ፣ በ«ፈቀደ»፣ ተለይቶ ካልተነገረ «የማይ» የባሕርይንና የሕግን እምቢታ አንድ ላይ ይጠቀልላል። ዩኒክስም በቁጥር 1 ያደረገው ይህንኑ መሆኑን ስናይ ጉዳዩ የአንድ ቋንቋ ድካም ብቻ እንዳልሆነ እንገነዘባለን።

የአርሲ ደጋ ገበሬ አፍ የፈታው በአፋን ኦሮሞ መሆኑ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምረናል። በአፋን ኦሮሞ ዋና ዐረፍተ ነገር ውስጥ «ሂን ሆጄተሙ» (አይሠራም) እና «ሂን ሆጄተምኔ» (አልተሠራም) ተለይተው ይነገራሉ። ወደ ገላጭ ሐረግ ሲገቡ ግን አሉታው በሁለቱም ጊዜ በ«ኔ» ይጨርሳል፤ «ከን ሂን ደንደአምኔ» ሲባል እንደ አገባቡ «የማይቻል» ወይም «ያልተቻለ» ሊሆን ይችላል። ስለሆነም «ያልተሞከረለት» እና «የማይሞከርለት» የሚለውን ልዩነት ከአማርኛ ወደ አፋን ኦሮሞ የሚያሻግር ሰው፣ በሐረጉ ላይ ጊዜን የሚያመለክት ቃል መጨመር ወይም አሳቡን ሙሉ ዐረፍተ ነገር ማድረግ ግድ ይሆንበታል።

የቀረውን ታሪክ በአጭሩ እናስከትል። የ1983ቱ የበርክሌይ እትም ኮምፒዩተሮችን በመረብ ለሚያገናኘው ክፍል ብቻ የሚያገለግል «ተግባሩን አያስተናግድም» የሚል ቁጥር ጨመረ። ፖዚክስም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለማናቸውም ነገር የሚሆን ተመሳሳይ ስም አወጣ። በሊኑክስ ሁለቱ ስሞች አንድ ቁጥር፣ 95፣ ይጋራሉ፤ ስለዚህ ተርጓሚው ሁለት የአማርኛ ሐረግ ለማዘጋጀት መድከም አያስፈልገውም። «ተግባሩ አልተሠራም» የሚለው ደግሞ በሊኑክስ ቁጥር 38 ነው። የሊኑክስ አዘጋጆች ይህንን ቁጥር ትእዛዙ ከነአካቴው በሥርዓቱ ውስጥ ለሌለበት ሁኔታ ብቻ እንዲውል ወስነዋል፤ ትእዛዙ ታውቆ ይህ ዲስክ ወይም ይህ ፋይል ባይቀበለው 95 ይመለሳል። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ 38 የተመለሰለት ፕሮግራም ያንን ትእዛዝ በዚህ ኮምፒዩተር ላይ ዳግመኛ መሞከር የለበትም፤ 95 የተመለሰለት ግን በሌላ ዲስክ ላይ ሊሞክር ወይም ሥራውን በሌላ ዘዴ ሊፈጽም ይችላል። ቁጥር 25ም ቢሆን ስፍራውን ያገኘው ዘግይቶ ነው፤ ብዙ የሊኑክስ ክፍሎች ለማያውቁት የመሣሪያ ትእዛዝ ቁጥር 22ን ሲመልሱ ከኖሩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ ሊነስ ቶርቫልድስ አጠቃላዩን ክፍል ወደ 25 መለሰው።

በአገራችን የሙያ ቃላት ሥራ በ1964 ዓ.ም. ከተቋቋመው የአማርኛ ቋንቋ ብሔራዊ አካዳሚ ጀምሮ፣ በኋላም በኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ፣ ሲካሄድ ቆይቶ በ1989 ዓ.ም. የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ታትሟል። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1999፣ ነውና ኮምፒዩተር እምቢታውን በአማርኛ የሚናገርበት ጊዜ ገና አልደረሰም ነበር። ዊንዶውስና አንድሮይድ በአማርኛ ከመጡ ወዲህ ግን ለቁጥር 95 ዓይነቱ እምቢታ «አይደገፍም»፣ «ያልተደገፈ ፋይል» የሚሉት ተስፋፍተዋል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ሁለቱም አይበጁም። «ደገፈ» በአማርኛ የሚወድቅን ነገር ማቆም፣ ወይም ከሰው ጎን መቆም ነው፤ «ያልተደገፈ ፋይል» የተባለው ሊወድቅ ያዘነበለ ወይም ረዳት ያጣ ፋይል ይመስላል። ሁለተኛም «ያልተደገፈ» ሲባል «ያል» ስለ ገባ፣ ነገሩ የባሕርይ ሳይሆን የቀረ ድርጊት፣ አንድ ሰው ቢደግፈው የሚቃና ሆኖ ይሰማል። ለሰሚው የማይጎረብጠው «አይቀበልም» ነው፤ ሰው ሁሉ «ይህ ስልክ ያንን ካርድ አይቀበልም» ይላልና። እንግዲህ ለ95 «ይህን ተግባር አይቀበልም»፣ ለ25 «ትእዛዙ ለዚህ ዓይነት መሣሪያ አይስማማም» ቢባል እንመርጣለን።

ለቁጥር 13 «አልተፈቀደም» ይበቃል። «ፈቃድ የለዎትም» የሚለው በተለምዶ ቢታይም ሁለት ችግር አለበት፤ አማርኛ የሚነገረውን ሰው ጾታና ክብር ስለሚጠይቅ ማሽኑን ሰው እንዲለይ ያስገድደዋል፤ ደግሞም ብዙ ጊዜ የተከለከለው ሰውየው ሳይሆን ፕሮግራሙ ነው።

አስቸጋሪው ቁጥር 1 ነው። ተርጓሚ የሚተረጉመው ቁጥሩን እንጂ ከበስተ ኋላ ያለውን ምክንያት አይደለም፤ ሐረጉ ሲታይ ባለቤት ያልሆነ ሰው ይቅረብ ወይም ፋት ዲስክ ይሁን ማወቅ አይችልም። ስለዚህ «አይፈቀድም» ብሎ ከጻፈ የአሰላውን ተማሪ ወደ ፈቃድ ፍለጋ ይሰደዋል፤ «አይቀበልም» ብሎ ከጻፈ ደግሞ ሥልጣን ብቻ የጎደለውን ሰው ተስፋ ያስቆርጠዋል። ሁለቱን አቅፎ የሚይዝ አንድ ቃል አማርኛ አለው፤ «አይሆንም»። ሽማግሌ ልጅን ሲከለክል «አይሆንም» ይላል፤ አንጥረኛም ብረቱ ለማረሻ እንደማይበጅ ሲያይ «አይሆንም» ይላል። እንግሊዝኛው በታሪክ አጋጣሚ ያደባለቀውን፣ ይህ ቃል ከጥንቱ አብሮ ይዞት ስለሚገኝ «ይህ ተግባር አይሆንም» የሚለው ለቁጥር 1 ታማኝ ትርጉም ነው።

ለቁጥር 38 «ገና አልተሠራም» የሚል አሳብ ቀርቦ ይሰማል። «ገና» ግን ተስፋ ይሰጣል፤ ሥርዓቱ ያንን ትእዛዝ ለመሥራት ያልታሰበበት፣ ወይም ቀድሞ ኖሮ የተወገደበት ሊሆን ይችላል። «በዚህ ሥርዓት አልተሠራም» ቢባል «አል» ብቻውን ሥራውን ይሠራል። በአፋን ኦሮሞ የሚያዘጋጁ ባልደረቦች ግን ከላይ በተገለጸው ምክንያት እነዚህን መልእክቶች በገላጭ ሐረግ ሳይሆን በሙሉ ዐረፍተ ነገር ቢጽፉ፣ የ«ሙ» እና የ«ምኔ» ልዩነት ሳይጠፋ 95ን ከ38 ለመለየት ይበቃቸዋል።